ከአርባ አንድ ቱቦ አምስቱ

ትንሹ መካኒክ ትንሽ አይደለም። ራሱ የጋራዡን በር ጉበን ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው ኮፈን የሚያህል የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ትንሹ የተባለው ታላቅ ወንድም ስለነበረው ብቻ ነው። ታላቁ ደግሞ አጭርና ቀጭን ሆኖ ሳለ ዕድሜ ልኩን «ትልቁ መካኒክ» ሲባል ኖረ። አዲስ ደንበኛ ሁልጊዜ ይምታታበታል። «ትልቁን ፈልጌ ነበር» ብሎ ወደ ግዙፉ ሲጠጋ፣ ግዙፉ በአውራ ጣቱ ወደ አጭሩ ያመለክተዋል። በዚህ ሠላሳ ዓመት ተሳቀ። አሁን ትልቁ ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ደንበኛው ግን አሁንም «ትንሹ» እያለ ነው የሚጠራው። ከማን እንደሚያንስ የሚጠይቅ የለም።

ወንድሙ የተቀበረ ቀን እንባ ጠብ አላለውም። ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እሱ የሳጥኑን ክዳን ብሎኖች ያይ ነበር። ከስምንቱ አንዱ የሌላ ዓይነት መሆኑን አስተዋለ፣ ማን ይሆን ያሰረው ብሎ አሰበ፣ ከዚያ በላይ ምንም አላሰበም። በሳምንቱ ጋራዡን ከፈተ። ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራው ቀለም ቀቢ፣ ምላሱ ከሚረጨው ቀለም የባሰ ሰው ነው፣ «ይሄ ሰውዬ ልቡ ላይ ፊልትሮ አስገብቶበታል እንዴ? ምንም አያልፍበትም እኮ» ብሎ ለሰፈሩ አዳረሰው። ወሬው ዞሮ ጆሮው ሲደርስ ትንሹ አልተናደደም። የሚናደድበት ቦታ ራሱ የጠፋ መሰለው። ማታ ማታ ሚስቱ «ጨው በዛ ወይስ አነሰ?» ስትለው መልሱን ለማግኘት እንደገና መቅመስ ነበረበት።

ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ትልቁ ሲሞት ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ የመሣሪያ ሳጥን እያነሱ ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር የሚሠሩት። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ትንሹ ያውቃል። ይቅርታም ጠይቋል። ትልቁ ግን አልመለሰለትም፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ከዚያ ሞተ። ወንድሜ ይቅር ሳይለኝ ሞተ የሚለው ነገር ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አያምም፣ አይነቃነቅም፣ ዝም ብሎ ቦታ ይዟል።

ነገሩ የጀመረው በወንድሙ መኪና ነው። አሮጌ ባለ ተርቦ የቤት መኪና ናት። ተርቦ የሚባለው የሞተሩ ጭስ እያሽከረከረው ወደ ሞተሩ አየር እየገፋ የሚያስገባ ነገር ነው፤ ጉልበት ይጨምራል፣ «በቃ» የሚለው ካጣ ግን ሞተሩን ራሱን ይበላዋል። በቃ የሚሉት ደግሞ ጣት የማያህሉ ቀጫጭን ጥቁር ቱቦዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ሞተሩ አየር ይስባል፣ በሌሎቹ ተርቦው ይገፋል፤ ፍሬኑም፣ ነዳጁም፣ ተርቦውም ልካቸውን የሚያውቁት በእነዚህ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣም ቱቦ አላነሳትም ነበር። ትልቁ ደግሞ ቱቦ መጣል የማይሆንለት ሰው ነው። አንዱ ሲሰነጠቅ ከጎኑ አዲስ ይዘረጋና አሮጌውን «ይቀመጥ፣ ምን ይጎዳል» ብሎ ጫፉን ወትፎ እዚያው ይተወዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ኮፈኑ ሥር ያለው ነገር ወፍ ገብታ ብትፈለፍልበት የማያስገርም ሆነ።

ትንሹ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትርፍ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ አምስት ቱቦ ይበቃታል» ይለዋል በየወሩ።

«አምስቱን ለራስህ። የኔን ተውልኝ» ይለዋል ትልቁ።

ይሄ ጠብ አልነበረም። የሁለቱ ጨዋታ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ሳይቀር ይጫወቱታል።

አንድ ነገር ካልተነገረ የሚቀጥለው አይገባም። በእነሱ ጋራዥ ቱቦ መለየት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የቱቦውን ጫፍ አፉ ላይ ያደርግና ይነፋል። ሌላው፣ ይወጣበታል ብሎ በገመተው ጫፍ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ትንፋሹ ጣቱን ሲነካው «መጣ» ይላል። ያኔ ቱቦው ታወቀ ማለት ነው፣ ምልክት ተደርጎበት ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ጋራዡን በአንድ ክሪክና በአንድ የተዋሱት የቁልፍ ሳጥን ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ የሚነፋው ትንሹ ነበር፣ ሳንባው የፈረስ ነው። ጣት የሚያሳርፈው ትልቁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትልቁ «መጣ» ሲል ድምፁ ከልክ በላይ ይጮኽ ነበር። ቀለም ቀቢው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ «ማን ነው የመጣው? ወንበር እናውጣ?» ይላቸዋል።

ጠቡ የጀመረ ሰሞን ትልቁ ከሚስቱ ጋር ወደ ሚስቱ ቤተሰቦች ለሳምንት በአውቶቡስ ሄደ፤ መኪናዋ ጋራዥ ቀረች። ትንሹ ስጦታ ላዘጋጅለት አለ። ስጦታ ያለው እሱ ነው እንጂ እውነቱን ለመናገር ሃያ ዓመት ሲበላው የኖረውን እጁን ማከኩ ነበር። ብቻውን ሠራ። ብቻውን ነፍቶ፣ ዞሮ ሮጦ ጣቱን ያሳርፋል፤ ትንፋሹ ግን እሱ እስኪደርስ አይቆይለትም። ሰልችቶት ግማሹን በዓይኑ ገምቶ ቆረጠ። ወደ ተርቦው መቆጣጠሪያ የሚሄዱ ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱ የሚሠራ፣ አንዱ የተወተፈ አሮጌ። የሚሠራውን ቆርጦ የሞተውን አስቀረ። በሜዳው መንገድ ሲሞክራት እንደ ሚዳቋ ተፈተለከች። ደስ አለው፣ ጎበዝ ነህ አለ ለራሱ።

ትልቁ ሲመለስ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። «ተላጭታለች» ብሎ ሳቀ፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን፣ የትንሹን እትዬ፣ ሥራ ሊያደርስ ዳገቱን ሲወጣ ተርቦውን «በቃ» የሚለው አልነበረም። ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ዳገቱ ሳያልቅ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ የቴስታው ጓርኒሲዮን፣ ተቃጠለ፣ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ሰው አልተጎዳም። ሞተሩ ግን መውረድ ነበረበት።

ትልቁ ራሱ አወረደው፣ ራሱ ሠራው። ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ እንደ ድሮው መለሰ፣ እንዲያውም ጨመረበት። ማንንም አላስጠጋም። ትንሹ አምስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ በስድስተኛው ልቡን አደፋፍሮ ገባ። ትልቁ ጀርባውን ሰጥቶ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ትንሹ በሩ አጠገብ ቆሞ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ብቻዬን መንካት አልነበረብኝም። አንተንም እትዬንም ልገድላችሁ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ትልቁ አልዞረም። ካቻቢቴውን አነሳ፣ አንድ ማሰሪያ አጠበቀ። ትንሹ ጠበቀ። «ጋሼ» አለ እንደገና። ትልቁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ትንሹም ወጣ። ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው አንዴ ለምኖ እንዲህ ፊት ሲነሱት ሁለተኛ አይሞክረውም። ከዚያ ቀን በኋላ ትልቁ «አሥራ ሁለት ቁጥር አቀብለኝ» ሲል ያቀብላል፤ ራሱ ሲፈልግ ደግሞ አፉን ሳይከፍት በጣቱ ያሳያል። ዓመት ከሁለት ወር በጣቱ ሲያሳይ ኖረ። አንድ እሑድ ጠዋት ትልቁ ከአልጋው ሳይነሳ ቀረ። ልቡ ነው አሉ።

የትልቁ ሚስት በዳገቱ ጫፍ ባለ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ትንሹ እትዬ ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ በኋላ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ መንዳት ተማረች፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች፣ ለሁለቱ መውደቋም ፈታኙን ነው የምትወቅሰው። አንድ ሐሙስ መኪናዋን አስጎትታ ጋራዡ በር ላይ አቆመቻት።

«ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ፍሬኗ ድንጋይ ሆኗል፣ የሆነ ቦታ ደግሞ ሽሽሽ ትላለች» አለችው። «አምስት ቱቦ ይበቃታል ትል አልነበር? አምስት አድርግልኝ።»

«ሌላ መካኒክ ይሥራት፣ እትዬ።»

«ሦስት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አንደኛውማ ይሄን የሠራው ሰውዬ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«የለም አልኩታ።»

ትንሹ መሬቱን አየ። ዘይት የጠጣው መሬት ላይ የትልቁ ኩርሲ አራት እግር የሠራቸው ጉድጓዶች አሁንም አሉ።

«ብቻዬን አልነካትም» አለ።

«ማን ብቻህን ንካት አለህ? ቅዳሜ እረፍት ነኝ።»

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት መጣች። ግድግዳው ላይ ሦስት ወር ተሰቅሎ የቆየውን የባሏን የሥራ ካፖርት አወረደችና ለበሰችው። ትልቁ አጭር ስለነበር እጅጌው ልክ ሆናት። ከቦርሳዋ ደግሞ ክር የታሰረባቸው የካርቶን ቁርጥራጮች አወጣች፣ ከአንድ እስከ ሃምሳ ቁጥር ጽፋባቸዋለች። የካርድ ክፍል ሰው ናት፤ ያለ ካርድ የሚንቀሳቀስ ነገር አትወድም።

መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው ሽሽሽ የሚለው ከየት እንደሆነ ፈለጉ። ትንሹ ተደፍቶ ጆሮውን አስጠጋ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ቱቦ መስሎት በዓይኑ ፈለገ፣ አላገኘም። ቀና ሲል ክንዱ፣ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተደግፎ እንደነበር አየ። ጣት የሚያህል ቀይ መስመር ወጥቶበታል፣ ጫፉ ነጥቷል። አተኩሮ ተመለከተው። አላመመውም። የሌላ ሰው ክንድ የሚያይ መሰለው። በጨርቅ ጠረገና እጅጌውን ዝቅ አደረገው፤ እሷ አላየችም።

ሞተሩ እስኪበርድ ካርዶቹን አሰሩ። አርባ አንድ ቱቦ ሆነ። «አምላኬ» አለች እትዬ፣ «እኔ የማውቀው በሽተኛ ሁሉ ተደምሮ ይሄን ያህል ቱቦ አልተሰካበትም።» ትንሹ መሳቅ እንዳለበት ገባው፣ ሳቁ ግን ከየት እንደሚመጣ ጠፋው።

ከዚያ ነፋ። ቁጥር አንድን አፉ ላይ አድርጎ ነፋ፤ ጣዕሙ እንደ ድሮው ጎማና አቧራ ነው። እሷ ባሳያት ጫፍ ላይ ጣቷን አሳርፋለች።

«መጣ» አለች በቀስታ።

ትንሹ ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ ቆመ።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም።»

እውነቱን ነው፣ ምንም አልተሰማውም። ይሄ ቃል በሌላ ሰው ድምፅ ሲባል የሆነ ነገር ይሰማኛል ብሎ ከሐሙስ ጀምሮ ሲፈራው ነበር፤ ሲደርስ ባዶ ሆነበት። ወደ ቁጥር ሁለት አለፈ። አንዳንዱ ቱቦ ሲነፋ የትም አይወጣም፣ ትልቁ የወተፈው ነው። አንዳንዱ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ይመለሳል። አንዱ የሚያያይዘው ሁለት የሞቱ ቱቦዎችን ነው። እሷ ካርዱ ላይ «የሞተ» ወይም «ያለ» ብላ ትጽፋለች። የተርቦው መቆጣጠሪያ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ ነፋ፣ ሦስት ጊዜ «መጣ» አስባላት፣ ከዚያም ቦታ ተለዋውጠው እሷ ነፋች፣ እሱ ጣቱን አሳረፈ። ትንፋሿ እስኪደርስ ዕድሜ ፈጀ፤ ደረሰ ግን። ይሄኛው ያለ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሠላሳ አምስት ቱቦ ወለሉ ላይ ተከምሮ ነበር። ኮፈኑ ሥር ሰው እጁን የሚያስገባበት ቦታ ተገኘ፣ የሞተሩ ቀለም እንኳ ታየ። ለአምስቱ አዲስ ቱቦ ቆረጠላቸው፦ ለፍሬኑ፣ ለነዳጁ፣ ለተርቦው መቆጣጠሪያ፣ ትርፉን አየር ለሚያስወጣው፣ ግፊቱን ለሚለካው። ሲያስነሳት ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አለና ተረጋጋ። ሽሽሽ ማለቱ ቀረ። እትዬ ፍሬኑን ረገጠች፣ ለስለስ ብሎ ወረደላት። ሃያ ዓመት የተመኘውን ነገር አየው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ያንን ያውቃል። ደስታው ግን ወደ ሌላ ቤት የተላከ ይመስል ሳይነካው አለፈ።

የቀረው ቁጥር አርባ አንድ ነው። ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ ወደ እሱ ተመለሰ። ይሄ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፣ ለስላሳ ነው፣ ከሁሉም አዲስ ነው። በጥንቃቄ፣ ሞተሩን ከሰው መቀመጫው ከሚለየው የብረት ግድግዳ ጋር በሽቦ እየታሰረ ሄዶ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ሰው መቀመጫው ይገባል። የዚህኛው ጫፍ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ትንሽ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ አፍ ተገጥሞለት ወደ ተርቦውና ወደ ሞተሩ ዞሮ ተከፍቷል። ትንሹ ግራ ገባው። ወንድሙ ትርፍ ቱቦ ይዘረጋ ነበር፣ ከምንም የማይነሳ ቱቦ ግን ዘርግቶ አያውቅም።

«ገብተሽ ሌላውን ጫፍ ፈልጊልኝ» አላት።

ገባች። የቆርቆሮውን አፍ ነቅሎ ነፋ። ዝም። እንደገና ነፋ።

«መጣ» አለች ከውስጥ።

«የት ነው?»

ዞሮ ሄደ። እትዬ መሪው ፊት ተቀምጣለች፤ ቱቦው በመስኮቱ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከጨርቁ ሥር ወጥቶ፣ ራስ ማስደገፊያው አጠገብ በሁለት ማሰሪያ ተይዟል። ጫፉ ላይ የተበሳ የጓንት ጣት ለብሷል። በእጇ ይዛዋለች፣ ፊቷ ላይ ግርምት የለም።

«እዚህ ምን ይሠራል?» አላት።

«ይሰማበታል።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ።» ቀና ብላ አየችው። «አይሰማም ነበር እኮ።»

«ማን?»

«ወንድምህ ነዋ፣ ማን ይሆናል? ቀኙ ጆሮው ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎታል። ግራው ደግሞ ትንሽ ነበር የቀረው። ፊት ለፊት ካየህ ከንፈርህን ያነባል። ጀርባውን ከሰጠህ ግን ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። መካኒክ ጆሮው ከሄደ ምን ቀረው ይል ነበር።»

ትንሹ የመኪናውን በር ያዘ። ትልቁ ሞተር ሲመረምር መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ደንበኛ «በእጁ ይሰማል» ብሎ ያደንቀዋል። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አድርጎ እጀታውን እንደ ሌላው መካኒክ ጆሮው ላይ ሳይሆን መንጋጋው ላይ ይጫነው ነበር። ስልክ ሲጠራ ለሰው ያቀብላል። «መጣ» ሲል ይጮኻል። ይሄን ሁሉ ትንሹ በየቀኑ አይቷል፣ እርጅናና ኩራት ነው ብሎ አልፎታል።

«ያን ቀን ዳገቱ ላይ» አለች እትዬ፣ «ሞተሩ ኳ ኳ ኳ ሲል እኔ እሰማው ነበር። ሁሌ እንዲህ የሚል መስሎኝ ዝም አልኩ። እሱ አልሰማም። ቤት ገብቶ ቁጭ ብሎ ‹ማንም መካኒክ እግሩን ከነዳጁ ያነሳ ነበር፣ እኔ ሞተሬ እጄ ላይ ሲሞት አልሰማሁም› አለ። ከዚያ ነው ይሄን የዘረጋው።»

«ቱቦውን የቆረጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ያውቃል። ‹እሱ ልጅነቱ ነው፣ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው› ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን አኮረፈኝ?»

እትዬ ግንባሯን ቋጠረች። «ማን፣ እሱ? አንተ አይደለህ እንዴ ያኮረፍከው? ‹ትንሹ ገብቶታል፣ አለመስማቴን አውቆ ንቆኛል› ይለኝ ነበር። ‹አፉን አይከፍትልኝም፣ እንደ ዲዳ በጣቱ ነው የሚያናግረኝ› ይል ነበር። ሄደህ ጠይቀው ብለው እንቢ አለ። አፍሮ ነው።»

«ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እትዬ።»

«መቼ?»

«ሞተሩን ሲሠራ። እዚህ ቆሜ። ጀርባውን ሰጥቶኝ...» አለና ቆመ።

እትዬ አየችው። «ጀርባውን ሰጥቶህ» አለች።

ትንሹ የሆነ ነገር እስኪመጣበት ጠበቀ። ከዓመት በላይ የተሸከመው ነገር እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ሰው ይወድቃል ወይም ይጮኻል ብሎ ያስብ ነበር። አልመጣም። ጭንቅላቱ ብቻ ነው የገባው። ተመልሶ ወደ ኮፈኑ ሄደ፣ ፒንሳውን አነሳ፣ አስቀመጠው።

«እሱንም ንቀለው» አለች ከውስጥ። «የኔ ጆሮ ደህና ነው። በዚህ የሚገባው የሞተር ሽታ ደግሞ ሹራቤ ላይ ሲቀር ነው የሚውለው።»

«እሺ። አንዴ ያዢልኝ መጀመሪያ።»

«ምኑን?»

«ጫፉን። ጆሮሽ ላይ።»

«ለምን?» አለች፤ ግን ያዘችው።

ትንሹ ጎንበስ ብሎ የቱቦውን አፍ ወደ አፉ አስጠጋ። ሊነፋ አየር ሳበ። አልነፋም። «ጋሼ» አለ። ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ብቻዬን መንካት አልነበረብኝም። አንተንም እትዬንም ልገድላችሁ ነበር። ይቅር በለኝ።» ያን ቀን ካለው አንድ ቃል አልጨመረም።

ከመኪናው ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ጎንበስ እንዳለ ጠበቀ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ እንደጠበቀው ማለት ነው።

«መጣ» አለች እትዬ። በቀስታ አልነበረም። ጣሪያው እስኪያስተጋባ፣ ልክ እንደ ትልቁ ጮኻ ነው ያለችው።

ከግድግዳው ወዲያ የሚረጨው ቀለም ቆመ። «ማን ነው የመጣው?» አለ ቀለም ቀቢው፤ ይሄን ካለ ዓመት አልፎታል። «ወንበር እናውጣ?»

ትንሹ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆረጠ፣ ቱቦውን ከመኪናዋ የብረት ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ መሳብ ጀመረ። ጠበቅ ብሎ ነበር፣ ሁለት እጁን ተጠቀመ። በመጨረሻ ሲወጣለት ክንዱ የኮፈኑን ጠርዝ መታ። ቆመ። እጅጌውን ሰበሰበና ቀዩን መስመር አየ፣ ውሃ ቋጥሯል።

«እትዬ» አለ። «እጄን አመመኝ።»

ወርዳ መጣች፣ ክንዱን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «መቼ ነው የተቃጠልከው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት? እስካሁንስ ምን ትሠራ ነበር?»

አመመው። ከክንዱ ተነስቶ እስከ ትከሻው፣ ከትከሻው እስከ ደረቱ አመመው። እትዬ ወደ ቧንቧው ወስዳ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስበት ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ ግንባሩ የወንድሙ ካፖርት ትከሻ ላይ ደርሶ፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እሷ ውሃውን አልዘጋችም። ስለ እጁ የሚያለቅስ አስመስላ «አይዞህ፣ ይድናል» አለችው።